ቦዶ ወይስ ኬቹዋ? ከአማርኛ ተነስቶ የሩቅ ቋንቋ ለሚመርጥ ሰው

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ኩሽና ስሠራ አጠገቤ የምትቆም አንዲት ቦሊቪያዊት ነበረች። የኮቻባምባ ልጅ ናት። እኔ ስፓኒሽ አልችልም። እሷም ከእንግሊዝኛ ጋር ገና እየተዋወቀች ነበር። አንድ ቀን ዳቦ ስታቀብለኝ «ጣንታ» አለችኝ። ክው አልኩ። የገረመኝ ቃሉ አልነበረም፣ «ጠ» ናት። ስሜ ውስጥ ያለችውን «ጠ» እዚህ አገር በትክክል የሚጠራልኝ ሰው ጠፍቶ «ተ» ብለው ሲጠሩኝ አቤት ማለት ለምጄ ነበር። እሷ ግን ልክ እንደ እናቴ አወጣቻት።

ቋንቋው ኬቹዋ ነው። በዚያው ሰሞን አብሮ አደጌ ለትምህርት ሕንድ ገብቶ ነበር። ዶርም የሚጋራው ልጅ ከአሳም የመጣ ቦዶ ነው። እኔ ስለ ኬቹዋ ሳወራ እሱ ስለ ቦዶ ያወራል። «የኔ ይቀላል»፣ «የለም የኔ ይቀርባል» እየተባባልን ብዙ ካርድ ጨርሰናል። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ክርክር የወጣ ነው። ከሁለቱ አንዱን ለመጀመር ያሰበ ሰው ካለ፣ ምናልባት የእኛን ያህል ጊዜ አይፈጅበትም። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

የትና እነማን

ቦዶ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በአሳም ክልል፣ ከብራህማፑትራ ወንዝ በስተሰሜን የሚነገር ቋንቋ ነው። ዋና ከተማቸው ኮክራጃር ትባላለች። ዘሩ ከቲቤትና ከበርማ ቋንቋዎች ወገን ነው። ጎረቤቱ አሳምኛ ግን የሂንዲ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ ቦዶና አሳምኛ ጎን ለጎን ይኑሩ እንጂ ዝምድና የላቸውም። በ2011 የሕንድ ቆጠራ ወደ 1.48 ሚሊዮን ሰው ቦዶን አፍ መፍቻዬ ብሏል። ተናጋሪዎቹ ራሳቸው «ቦሮ» ይሉታል። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ግን ተጠንቀቁ። የእኛዎቹ ሺናሻዎችም ራሳቸውን «ቦሮ» ነው የሚሉት፣ ፍለጋው ቤንሻንጉል ጉሙዝ ሊያደርሳችሁ ይችላል።

ኬቹዋ ደግሞ የአንዲስ ተራሮች ቋንቋ ነው። ፔሩ፣ ቦሊቪያና ኢኳዶር ዋና ቤቶቹ ናቸው። ኮሎምቢያና አርጀንቲናም ውስጥ አለ። በፔሩ የ2017 ቆጠራ ብቻ ወደ 3.7 ሚሊዮን ሰው የልጅነት ቋንቋዬ ነው ብሏል። በሁሉም አገሮች ያሉት ሲደመሩ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ሚሊዮን ይገመታሉ። ኢንካዎች የመንግሥታቸው መግባቢያ አድርገውታል፤ ቋንቋው ግን ከእነሱ በፊትም ነበር።

ተናጋሪዎቹ ለቋንቋቸው የሰጡትን ስም እወደዋለሁ፤ «ሩናሲሚ»። «ሩና» ሰው ነው። «ሲሚ» አፍ ነው፣ ቋንቋም ነው። የሰው አፍ ማለት ነው። «አፍ መፍቻ ቋንቋ» ለሚል ሰው፣ ወይም «አፋን ኦሮሞ» ሲባል «አፋን» አፍ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ድምፁ፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል

ለአማርኛ ተናጋሪ ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው።

ኬቹዋ፣ በተለይ በፔሩ የኩስኮ ከተማ የሚነገረውና የቦሊቪያው፣ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጰ» እና «ቀ» አለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ እነዚህን ለመልመድ ወራት ይፈጅበታል። አስተማሪዎች አየሩን ጉሮሮ ላይ ዝጋ፣ ከዚያ ልቀቅ እያሉ ያደክሙታል። እናንተ «ጠጅ ጠጣ» ካላችሁ ጨርሳችኋል። «ጢካ» አበባ ነው። «ጣንታ» ዳቦ ነው። «ቻኪ» እግር ነው፣ «ጫኪ» ደግሞ ደረቅ። «ከዳ» እና «ቀዳ»ን የሚለይ ጆሮ ይህንን ለመለየት ልምምድ አያሻውም። «ኘ»ም አለችላችሁ። «እኔ» ማለት «ኞቃ» ነው።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሁለት ቦታ ላይ ትደናቀፋላችሁ። አንደኛው፣ ኬቹዋ ከ«ተ» እና ከ«ጠ» መካከል ሦስተኛ ድምፅ አለው፤ ትንፋሽ የተጫነበት «ት»። «ታንታ» የተሰበሰበ ነገር ነው። ትንፋሽ ሲጨመርበት፣ «ትሃንታ» የሚመስለው፣ ያረጀና የነተበ ነው። «ጣንታ» ዳቦ ነው። ዳቦ ቤት ገብታችሁ መካከለኛውን ካወጣችሁ ቡቱቶ ጠየቃችሁ ማለት ነው። ሁለተኛው የጉሮሮው «ቀ» ነው። ከእኛ «ቀ» ወደ ውስጥ ይገባል። ዓረብ አገር የኖረ ሰው የዓረብኛውን «ቃፍ» ካስታወሰ ቦታውን ያገኘዋል። ይህ የጉሮሮ ድምፅ አጠገቡ ያለውን «ኢ» ወደ «ኤ»፣ «ኡ»ን ወደ «ኦ» ይጎትታል። ይህን ልብ በሉ፣ ፊደል ላይ ስንደርስ ጠብ የሚያስነሳው እሱ ነው።

ቦዶስ? ቦዶ «ጠ» እና «ጨ» የለውም። ሌላ የምታውቁት ድምፅ ግን አለው፤ ወደ ሳድሳችን የሚጠጋ አናባቢ። «እ» ስንል አፋችን ውስጥ የሚሆነውን ትንሽ ወደኋላ ሳቡት። «አንተ» ለማለት «ንንግ» ይላሉ፤ ያቺ በሁለቱ «ን» መካከል የምትሰማው ድምፅ ናት። ውሃም «ድይ» ነው። ሂንዲ የሚናገሩት ጎረቤቶቻቸው እዚህ ላይ ይቸገራሉ፣ እኛ ብዙም አንቸገርም።

የቦዶ ፈተና ዜማው ነው። እንደ ቻይንኛ፣ ግን በቀላል መልኩ፣ የቃሉ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ትርጉሙ ይለወጣል። ሁለት ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ቢሆንም አማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለው ጆሮ መጀመሪያ ላይ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። አብሮ አደጌ አንድ ጥሩ ነገር ነግሮኛል። «ገና የበዓሉን እና ገና ያልደረሰውን እንዴት ነው የምንለየው? ስንጽፋቸው አንድ ናቸው፣ ስንናገራቸው ግን አንሳሳትም። በጆሮ ነው የያዝናቸው።» የቦዶንም ዜማ እንደዚያው ከሰው አፍ መያዝ ነው። ከመጽሐፍ ብቻ አይሆንም። ይህ ማለት ቦዶ የሚናገር ሰው አጠገባችሁ ከሌለ ችግር አለ ማለት ነው።

በድምፅ በኩል እንግዲህ ሚዛኔ ወደ ኬቹዋ ያደላል፣ ያውም በብዙ።

ግሱና አረፍተ ነገሩ

ሁለቱም ግስን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። «እኔ ሩዝ እበላለሁ» የሚለው ቅደም ተከተል በሁለቱም ይሠራል። ይህ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው። እንግሊዝኛ ስንማር አረፍተ ነገሩን ጭንቅላታችን ውስጥ ስንገለባብጥ የኖርነውን አስታውሱ። ሁለቱም ወንድና ሴት በሰዋስው አይለዩም። እሱና እሷ አንድ ቃል ናቸው።

ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል።

የቦዶ ግስ ባለቤቱን አይናገርም። «ዛ» መብላት ነው። «ዛግን» ደግሞ ወደፊት መብላት ነው። «አንግ ዛግን» እኔ እበላለሁ፣ «ንንግ ዛግን» አንተ ወይም አንቺ፣ «ቢ ዛግን» እሱ ወይም እሷ። ግሱ ንቅንቅ አይልም። የእኛን «እበላለሁ፣ ትበላለህ፣ ትበያለሽ፣ ይበላል፣ ትበላላችሁ» ለውጭ ሰው ያስተማረ ሰው የዚህን ቅለት ያውቀዋል። የበላ ከሆነ «ዛባይ»፣ እየበላ ከሆነ «ዛድንግ»። በአንድ ሳምንት ብዙ ነገር መናገር ይቻላል።

የኬቹዋ ግስ ግን እንደ አማርኛ ሁሉንም ተሸክሞ ይሄዳል። «ሚክሁኒ» እበላለሁ፣ «ሚክሁንኪ» ትበላለህ፣ «ሚክሁን» ይበላል። ከባለቤቱም በላይ ተቀባዩን ይጨምራል። ኩስኮ ውስጥ «ሙናኩይኪ» ማለት እወድሃለሁ ወይም እወድሻለሁ ነው። አንድ ቃል፣ ልክ እንደኛ። ቦዶው ይህንኑ ሲል አራት ቃል ይፈልጋል፤ «አንግ ንንግኮው ምዛንግ ምንእ»። ቃል በቃል «እኔ አንተን ጥሩ ሆነህ አገኝሃለሁ» እንደማለት ነው። የትኛው እንደሚያምር መናገር አልችልም። ለአማርኛ ጭንቅላት የሚቀርበው ግን የመጀመሪያው ነው።

ኬቹዋ ውስጥ ከሁሉም በላይ የማረከኝ «ዩቅ» የምትባል ቅጥያ ናት። የእኛ «ባለ» ናት። «ዋሲ» ቤት ነው፣ «ዋሲዩቅ» ባለቤት። ሚስት ያለው ባለ ሚስት፣ ልጅ ያለው ባለ ልጅ እየተባለ ይቀጥላል። አሥራ አንድ ሲሉም «ቹንካ ሁክኒዩቅ» ነው፤ አሥር፣ ባለ አንድ።

ሌላው የወሬ ጉዳይ ነው። ኬቹዋ የተናገራችሁትን ነገር ከየት እንዳወቃችሁት ያስጠይቃል። ዝናብ እየዘነበ ነው በሉ እንጂ። በዓይኔ አይቻለሁ ከሆነ «ፓራሻንሚ»። ሰው ነግሮኝ ነው ከሆነ «ፓራሻንሲ»። ሳይዘንብ አይቀርም ከሆነ «ፓራሻንቻ»። ጠዋት ተነስታችሁ መሬቱ ርሶ ካገኛችሁት ደግሞ «ፓራስቃ»፤ ለካ ሌሊት ዘንቦ ኖሯል! እኛም «አሉ» የምንለው፣ «ለካ» የምንለው፣ «ኖሯል» የምንለው ለዚህ ነው። «መጣ» እና «መጣ አሉ» መካከል ያለውን ርቀት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ልዩነቱ፣ እኛ ስንፈልግ እንጨምረዋለን፣ እነሱ ዘንድ ንግግሩ ሁሉ በእነዚህ የተሰፋ ነው። ተረት ሲያወሩ «ሲ» እያሉ ነው የሚያወሩት። ያላየውን እንዳየ አድርጎ የሚያወራ ሰው ዋሾ ይመስላቸዋል።

«እኛ» የሚለውም ሁለት ነው። «ኞቃንቺክ» ሲሉ የሚሰማውም ሰው አብሮ አለበት። «ኞቃይኩ» ሲሉ እኛ እንጂ አንተ አይደለህም ማለት ነው። የፔሩ መንግሥት ቴሌቪዥን በታኅሣሥ 2016 በኬቹዋ ዜና ማንበብ ሲጀምር የዝግጅቱን ስም «ኞቃንቺክ» አለው። ሰሚውን ያቀፈውን «እኛ» ነው የመረጡት።

ቦዶ በበኩሉ ኬቹዋ የሌለው አንድ የእኛ ነገር አለው፤ አንቱታ። «ንንግ» አንተ ወይም አንቺ ነው። ለታላቅ ሰው ግን «ንንግታንግ» ይባላል፣ እርስዎ። እሳቸው ደግሞ «ቢታንግ»። ኬቹዋ እንዲህ ያለ ተውላጠ ስም የለውም፤ አክብሮቱ «ታይታ»፣ «ማማ» ብሎ በመጥራት ነው የሚገባው። ሽማግሌን አንተ ማለት ለሚያሳፍረው ሰው ቦዶ ቤቱ ነው።

ቤተሰብ ላይም ቦዶ አንድ ያልተለመደ ነገር ያደርጋል። አባቴ «አፋ» ነው። አባትህ «ንምፋ» ነው። አባቱ «ቢፋ» ነው። ቃሉ የማን አባት እንደሆነ ከፊቱ ይሸከማል። ቁጥር ላይ ደግሞ የሚቆጠረው ነገር ምን እንደሆነ ይጠየቃል። ሰው ከሆነ «ሳ»፣ እንስሳ ከሆነ «ማ»፣ ዛፍ ከሆነ «ፋንግ» ይጨመራል። ሁለት ሰው «ማንሲ ሳንይ» ነው። እኛ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ዘለላ ሙዝ፣ አንድ እስር ጎመን እንላለን። ያንን ለሁሉም ነገር አስፉት፣ ቦዶ ላይ ትደርሳላችሁ። ይሄኛው ይከብዳል፣ አልዋሽም። ግሱ ላይ የተረፈውን ጊዜ ቁጥሩ ይበላዋል።

ፊደሉ

ኬቹዋ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ማንበብ የሚችል ሁሉ በአንድ ቀን ያነበዋል። ክርክሩ አናባቢ ላይ ነው። ቅድም እንዳልኩት የጉሮሮው ድምፅ «ኢ» እና «ኡ»ን ይለውጣቸዋል። ታዲያ «ኤ» እና «ኦ» ይጻፉ ወይስ አይጻፉ? የፔሩ መንግሥት በ1985 በሦስት አናባቢ ይጻፍ አለ። ኩስኮ ያለው የኬቹዋ አካዳሚ ግን አምስት ይሁን ባይ ነው። ስለዚህ አንዱን ቃል በሁለት አጻጻፍ ታገኙታላችሁ። መዝገበ ቃላት ስትገዙ የትኛውን እንደሚከተል መጀመሪያ እዩ፣ አለዚያ ቃሉ እዚያው እያለ የለም ትላላችሁ።

ቦዶ በዴቫናጋሪ ነው የሚጻፈው፣ ሂንዲ በሚጻፍበት ፊደል። «ውይ፣ ሌላ ፊደል!» አትበሉ። ሀ ሁ ሂ ያጠና ልጅ የዴቫናጋሪን ሐሳብ ከእንግሊዛዊ ቀድሞ ይገባዋል። አንድ ተነባቢ አለ፣ ካልተነካ በራሱ አናባቢ ይነበባል፣ ምልክት ሲጨመርበት ካዕብ ሣልስ እያለ ይለወጣል። አንዳንዱ ምልክት ከፊደሉ በፊት ይመጣል፣ አንዳንዱ ከላይ። ሠላሳና አርባ ቤት መሸምደድ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሁለት ወር ስጡት።

የዚህ ፊደል ታሪክ ግን የሰው ሕይወት የተከፈለበት ነው። ቦዶዎች የሥነ ጽሑፍ ማኅበራቸውን፣ ቦዶ ሳሂትያ ሳባን፣ በ1952 አቋቋሙ። በ1963 ቋንቋቸው የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ። ያኔ በአሳም ፊደል ነበር የሚጻፈው። በ1974 ማኅበሩ በላቲን ፊደል እናስተምር ብሎ ተነሳ። የክልሉ መንግሥት እንቢ አለ። ሰልፍ ወጣ፣ ተኩስ ተከፈተ፣ ሰው ሞተ። በ1975 መካከለኛ መንገድ ተብሎ ዴቫናጋሪ ተያዘ። ለአንድ ፊደል ይህን ያህል? የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የገዛ ፊደላችንን ግድግዳ ላይ ሰቅለን የምንኖር እኛ ግን ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ተናጋሪ ማለት ጠንካራ ማለት አይደለም

ሰው ቋንቋ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ሰው ይናገረዋል ብሎ ነው። እዚህ ላይ ነው እኔና አብሮ አደጌ ብዙ የተከራከርነው። መጨረሻ ላይ እሱ ረታኝ።

በዚያው በ1975 ፔሩ ኬቹዋን ይፋዊ ቋንቋ አደረገች። ያወጁት የያኔው መሪ ጄኔራል ቬላስኮ አልቫራዶ ነበሩ። በሦስት ወራቸው ከሥልጣን ወረዱ፣ አዋጁም አብዛኛው ወረቀት ላይ ቀረ። ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በስፔን አገዛዝ ላይ የተነሳው የሁለተኛው ቱፓክ አማሩ አመፅ ሲከሽፍ ስፔኖች ኬቹዋን አግደውት ነበር። የዚያ ዘመን ንቀት አልለቀቀም። በቅርቡ እንኳ፣ በነሐሴ 2021፣ የፔሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ጊዶ ቤይዶ ምክር ቤት ቆመው በኬቹዋ ሲናገሩ የምክር ቤቱ ሰብሳቢ አቋርጠው በስፓኒሽ እንዲናገሩ ጠየቋቸው። አባትና እናት ኬቹዋ እያወሩ ልጁን በስፓኒሽ ያሳድጉታል። የሥራ ባልደረባዬም ከእናቷ ጋር በኬቹዋ በስልክ ታወራለች፣ ልጆቿ ግን አይሰሙም። እኛ ዲያስፖራዎች ይህን ስንሰማ አንገታችንን እንደፋለን።

ቦዶ በቁጥር በጣም ያንሳል። ግን ትምህርት ቤት አለው። በ2003 በሕንድ ሕገ መንግሥት ስምንተኛው መደብ ውስጥ ገባ። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ያሉት 22 ቋንቋዎች ብቻ ናቸው። በ2020 የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የአሳም ተጓዳኝ ይፋዊ ቋንቋ ሆነ። ኮክራጃር ውስጥ የቦዶላንድ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ጉዋሃቲም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቦዶ ትምህርት ክፍል አለ። ልጆች የሂሳብ ትምህርት በቋንቋቸው ይማራሉ።

ኬቹዋ ተሸንፏል ማለቴ አይደለም። በጥቅምት 2019 ሮክሳና ኪስፔ ኮያንቴስ የዶክትሬት ጥናቷን በኬቹዋ ጽፋ በኬቹዋ ተከላከለች። ሊማ ያለው የሳን ማርኮስ ዩኒቨርሲቲ በ1551 ነው የተመሠረተው፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ይህ የመጀመሪያው ነበር። ወጣቶች በኬቹዋ ራፕ ያደርጋሉ። ቢሆንም ቁጥር አይታችሁ ብቻ አትወስኑ።

ኬቹዋ ካላችሁ፣ የትኛው?

ይህን ጥያቄ ሳይመልስ የጀመረ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ኬቹዋ አንድ ቋንቋ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ከኢኳዶር የመጣ ሰውና ከፔሩ አንካሽ የመጣ ሰው በየራሳቸው ቢያወሩ አይግባቡም።

ለአማርኛ ተናጋሪ የእኔ ምክር የኩስኮው ወይም የቦሊቪያው ነው። «ጠ» እና «ጨ» ያሉት እዚያ ነው። በሌላው የፔሩ ክልል፣ በአያኩቾ፣ የሚነገረው ኬቹዋ እነሱን አያውቅም፤ ዳቦም እዚያ «ታንታ» ነው። ለሌላ ሰው ይህ ቅለት ነው፣ ለእናንተ ግን በእጃችሁ ያለውን መጣል ነው። አያኩቾና ኩስኮ ግን ይግባባሉ፣ ስለዚህ ያገኛችሁት መምህር የአያኩቾ ሰው ከሆነ አትመልሱት። የኢኳዶሩ «ኪችዋ» ደግሞ ሰዋስዉ ቀለል ብሏል። ሁለቱ «እኛ» እንኳ አንድ ሆነዋል። ኒውዮርክ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ግን የምትሰሙት እሱን ሊሆን ይችላል፣ ያን ጊዜ የሚናገሩትን መማር ነው የሚበጀው።

ቦዶ ይህ ጣጣ የለበትም። የአካባቢ ዘዬዎች አሉት፣ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ግን አንድ የታወቀ ነው።

መማሪያው

ባጭሩ፣ ኬቹዋ በዚህ ይበልጣል። የመጀመሪያው ሰዋስው የታተመው በ1560 ነው፣ ቄሱ ዶሚንጎ ዴ ሳንቶ ቶማስ ያዘጋጁት። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ አልተቋረጠም። አሜሪካ ውስጥ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምሩታል፣ ፓሪስም ይሰጣል። ኩስኮና ኮቻባምባ ሄዶ ቤተሰብ ጋር እየኖሩ መማር ይቻላል። ስፓኒሽ ትንሽ ካላችሁ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ከሌላችሁ ግን ግማሹ መጽሐፍ ይዘጋባችኋል። ለቦዶ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ይገኛል፣ ግን ጥቂት ነው። ሂንዲ ወይም አሳምኛ የሚችል ይጠቀማል።

ጎግል ትራንስሌት ላይ ኬቹዋ የገባው በ2022 ነው፣ ኦሮምኛና ትግርኛ በገቡበት ዙር። ቦዶ በ2024 ገባ፣ ከአፋርኛ ጋር። ሁለቱንም ለነጠላ ቃል እንጂ ለአረፍተ ነገር አትመኗቸው።

እንግዲህ ማን ምን ይምረጥ

ሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖሩ ከሆነ ምርጫው ያለቀ ይመስለኛል። አርሊንግተንና ፎልስ ቸርች የእኛ ሰፈር ናቸው፣ የቦሊቪያውያንም ሰፈር ናቸው። ብዙዎቹ ከኮቻባምባ ገጠር የመጡ ኬቹዋ ተናጋሪዎች ናቸው። መምህራችሁ አውቶቡስ ላይ ከጎናችሁ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። «አሊልያንቹ?» በሏት፤ ደህና ነሽ ወይ ማለት ነው። መልሱ «አሊልያንሚ» ነው።

ሕንድ የምትማሩ ከሆነ፣ በተለይ ሂንዲ ማንበብ ከጀመራችሁ፣ ቦዶ ውሰዱ። ፊደሉን ግማሽ መንገድ ሄዳችሁበታል። ከሰሜን ምሥራቅ የመጡ ተማሪዎች በየግቢው አሉ። ዜማውን የሚያርምላችሁ ጆሮ ታገኛላችሁ። «ኩሉምባይ» ብላችሁ ሰላምታ ስትሰጡት የቦዶ ልጅ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ አብሮ አደጌ ደጋግሞ ነግሮኛል። «ንንግኒ ሙንጋ ማ?» ስምህ ማን ነው ማለት ነው።

አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ በኢንተርኔት ብቻ የምትማሩ ከሆነ ኬቹዋ ይሻላል፣ ድምፁም ቪዲዮውም ስለሚገኝ። ቶሎ መናገር ብቻ የሚያጓጓችሁ ከሆነ ደግሞ ቦዶ፣ ለግሱ ቅለት ሲባል፣ አስተማሪ ካገኛችሁ። የቋንቋ ጥናት ተማሪ ከሆናችሁና ትንሽ ቋንቋ እንዴት ትምህርት ቤት እንደሚገባ ማወቅ ከፈለጋችሁ ያለጥርጥር ቦዶ።

እኔ ኬቹዋ ነው የመረጥኩት። ያቺ «ጠ» ወሰነችልኝ። ባለፈው ሳምንት ቋንጣ ይዤላት ሄድኩ። አየችውና «ጫርኪ!» አለች። ለካ አሜሪካኖቹ «ጀርኪ» የሚሉት ከዚህ ቃል የወጣ ኖሯል። እሷ ከነጨውና ከነፀሐዩ ስለ እናቷ አሠራር እያስረዳችኝ፣ እኔ ስለ በርበሬው እያስረዳኋት፣ የምሳ ሰዓታችን አለቀ።